ሆን ብለን የወደቅንላቸው መምህር

መምህር ደምሴ አረፉ። ባለፈው ማክሰኞ እዚሁ አሰበ ተፈሪ ቀበርናቸው። በበደሳም በመሰላም ያላችሁ፣ በእሳቸው እጅ ያለፋችሁ ሁሉ ካልሰማችሁ ይኸው ስሙ።

በቀብሩ ላይ ብዙ ተወራ። አንዱ ተነስቶ «ትጉህ መምህር ነበሩ» እያለ አለቀሰ። ይኸው ሰው ዱሮ በስብሰባ «ሰነፍ» ሲባሉ አጨብጭቧል። እኔም እዚያው ነበርኩ። አላጨበጨብኩም፤ ዝም አልኩ። ዝምታዬም ከጭብጨባው አይሻልም። ስለዚህ የሆነውን ልጻፍ።

እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሸብቶ ነው። ወደ አሮጌው የድንጋይ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሄድኩት ለመማር ሳይሆን ለማፍረስ ነበር። ልጆቹ ወደ አዲስ ክፍል ተዛውረው ቤቱ ባዶ ቀርቷል። የከተማው ኃላፊ ግድግዳው ፈርሶ፣ ጥዶቹ ተቆርጠው፣ ግቢው የእህል መጋዘን እንዲሆን ወሰነ። ዶማዬን ይዤ ስደርስ መምህር ደምሴ ደጃፉ ላይ የተንጠለጠለውን የቸርኬ ደወል በጨርቅ ይወለውላሉ።

«ይህን ግድግዳ ማን እንደሠራው ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አባቴ ነዋ! ከወንዝ ድንጋይ ሲሸከም ነው ወገቡ የተቆረጠው። ስሙን የት ጻፋችሁለት?»

ከበሩ በላይ የተቀረጸውን አነበቡልኝ። ያሠራው ባላባት ስም ብቻ ነው።

«የአባትህ ስም የለም፤ ድንጋዩ ግን አለ። ብታፈርሰው የሚፈርሰው የባላባቱ ስም ሳይሆን የአባትህ ድካም ነው» አሉኝ።

ዶማዬን አስቀመጥኩ። ተናድጄ ነው ያስቀመጥኩት።

ጊዜው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበር። የመማሪያ ጣቢያ የዘጋ ሰው ፀረ አብዮት ይባላል፤ ኃላፊውም ቢሆን አይደፍርም። መምህሩ ይህን አውቀው በሳምንቱ ባዶውን ቤት ጣቢያ አደረጉት። ግንበኛው፣ ተሸካሚው፣ ጫት ሻጯ ከሰዓት በኋላ እንሰበሰብ ጀመር። ጠመኔ በጣቴ ስር ሲሰበር «ቀስ ብለህ ገንባው» ይሉኝ ነበር። ዐይኗ ለደከመው ለጫት ሻጯ ለአዴ ፋጡማ መነጽራቸውን አውሰው እሳቸው ሰሌዳውን በዳበሳ ይጽፋሉ።

ማንበብ ቻልን። ይኼኔ ኃላፊው ጠራኝና «ፈተናውን ስታልፉ ጣቢያው ይዘጋል። በማግስቱ ዶማህን ይዘህ ና» አለኝ። ሄጄ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው።

አዴ ፋጡማ «ካለፍን ቤቱ ሊፈርስ? ወላሂ፣ የትኛው ሞኝ ነው የሚያልፈው!» አለች።

ሁላችንም ወደቅን። እኔ ስሜን በምጽፍበት ቦታ መስመር ብቻ አሰመርኩ። መምህሩ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አይተው ቀና አሉ።

«የማታውቁትን እኔ አስተማርኳችሁ። የምታውቁትን መደበቅ ማን አስተማራችሁ?»

«ኬላ ነዋ፣ ጋሼ!» አለች አዴ ፋጡማ። ጫቷን ደብቃ ስንቱን ኬላ ያለፈች ሴት ናት። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ኋላ ግን ሳቅ አልነበረም። ኃላፊው በስብሰባ አስቁሟቸው «አንድ ሰው እንኳ ማሳለፍ ያቃተው ሰነፍ» አላቸው። ያኔ ወደ እናታቸው አገር ወደ ጎጃም የሚወስዳቸውን የዝውውር ደብዳቤ ይጠብቁ ነበር። እውነቱን ቢናገሩ ይድኑ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደገና አስተምራቸዋለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ዝውውሩ ተሰረዘ። እናታቸው ሲሞቱ እሳቸው እዚህ፣ ለምናውቀው ለእኛ «ሀ፣ ሁ» ይሉ ነበር።

እንደገና ተማርን፤ እንደገናም ወደቅን። በመጨረሻ ኃላፊው ተነስቶ ሌላ መጣ፤ መጋዘኑም በቦርደዴ መውጫ ተሠራ። ያን ጊዜ በአንድ ቀን ሁላችንም አለፍን። የምስክር ወረቀቴን አሁን ልቀማህ የሚል ካለ ይምጣ፤ ቤቴን ያውቀዋል።

መምህር፣ ዛሬ ጠዋት በግቢው በኩል አለፍኩ። ጥዶቹ ቆመዋል፤ ቸርኬውም ይደወላል። ልጆቹ ተመልሰው ገብተውበታል፤ ማን እንዳቆየላቸው ግን አያውቁም። እርስዎ ሰነፍ አልነበሩም። ያን ቀን ተነስቼ ይህን ማለት ነበረብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ወረቀት ለማንም ሰጥቼ አላሳረምኩም፤ ፈተናዬ ነው። መስመርም አላሰመርኩም። አባቴ ድንጋዩ ላይ ያላገኘውን ስሙን ከእኔ ጋር ጽፌዋለሁ። አፈሩ ይቅለልዎ።

ተማሪዎ፣ ግንበኛው ሙሜ ቱፋ