የግቢያችን ንጣፍ ዋጋ

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው የክረምት ውሃ ወደ መሃል ከተማ ከመድረሱ በፊት እኛን ጎብኝቶ ያልፋል፤ የሚተውልን ስጦታ ጭቃ ነው። እናቴ ልቧ የደከመ፣ በከዘራ የምትሄድ ሴት ናት። ስለዚህ ባለፈው ሚያዝያ «ክረምት ሳይገባ ግቢውን ድንጋይ አስነጥፍልኝ» ስትለኝ ምክንያቱን አልጠየቅኋትም። መውደቅ ፈርታ ነው ብዬ ደመደምኩ። መውደቋን የምፈራው ግን እኔ ነበርኩ።

ግንበኛው ሰፈሩን የሚያውቅ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ግቢውን በሜትር ለካና «ጋሼ፣ ከነማቴሪያሉ ነው ወይስ የእጅ ብቻ?» አለኝ።

«ከነማቴሪያሉ።»

ቀና ብሎ ሰማዩን አየና አንድ ቁጥር ጠራ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ይህን እስክታነቡ ድረስ የሲሚንቶ ዋጋ ጨምሮ መሳቂያ ያደርገዋል።

«ዋጋውን ሰማይ ላይ ነው እንዴ የምታነበው?»

«ዝናቡን እያየሁ ነው ጋሼ። ከዘነበ ቁፋሮው ይወደዳል።»

ስለ ተገቢ ዋጋ ሊቃውንት ለዘመናት ተከራክረዋል። ብዙዎቹን አንብቤያለሁ፤ አንዳቸውም ግቢ አላስነጠፉም። ስለዚህ ሌላው ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ግቢያቸውን ያስነጠፉ ጎረቤቶችን ጠየቅሁ። በሰፈራችን ተታልሎ የሚያውቅ ሰው የለም። ሁሉም በርካሽ አስነጥፏል፤ ሁሉም ግንበኛውን አስለቅሶ ነው የሸኘው። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር የተጠየቅሁትን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ።

«ተበላህ! እኔ በግማሹ ነው ያስነጠፍኩት።»

በግቢያቸው የቆምኩበት ድንጋይ እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቃል። ባለቤታቸው ከማድ ቤት «ግማሹማ ቀብዱ ነበር!» አሉ። መምህሩ ወሬውን ወደ መብራት መጥፋት አዞሩት።

ከወሰን ሰፈር ሌላ ግንበኛ አስመጣሁ። ከበር ሳያልፍ የመጀመሪያውን የሚያሳፍር ዋጋ ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን «ቁፋሮውስ?» እስክለው ድረስ ብቻ ቆየ። ቁፋሮው የራስዎ ነው አለኝ። ጠጠሩም የራሴ፣ አፈሩን ማስወጣቱም የራሴ። የእሱ የሆነው ዋጋው ብቻ ነበር። ቢሆንም ርካሹን ቁጥር ይዤ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ፤ ለክርክር ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ግንበኛ በማግስቱ መጣ። እናቴ በረንዳው ላይ ወንበሯን አውጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። «ዘርዝርልኝ» አልኩት። ዘረዘረ፤ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶ፣ ቁፋሮ፣ የእጅ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እና የቱቦ» አለ።

«የምን ቱቦ? ውሃው በዳር በቦይ ይወርዳል ብለኸኝ የለም?»

«የውሃ አይደለም። የብረት ነው፤ እዚህም እዚያም ቆሞ የሚቀበር፣ አፉ ከድንጋዩ እኩል የሚሆን።»

«ለምን?»

«ታዝዤ ነው ጋሼ» አለና ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ።

እናቴ ከወንበሯ ሆና «ምን ያሽኮረምምሃል ልጄ፣ ንገረው እንጂ!» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የድንኳን ነው።»

«የምን ድንኳን?»

«የሰርግህ! ሃምሳ ሊሞላህ ነው፤ ምን ይታወቃል ብዬ።»

ግንበኛው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አፉን ያዘ። ለምን እንደያዘ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«የእድሩ ድንኳን ካስማ ድንጋይ ውስጥ አይገባም፤ ቱቦ ውስጥ ግን ይገባል» አለች። «ከታች ያለችው ጎረቤታችን ባሏ የሞተ ዕለት የሆነውን አላየህም?»

አይቻለሁ። ግቢዋን አስነጥፋ ብዙም አልቆየችም ነበር። የእድሩ ወጣቶች ድንኳን ለመትከል አዲሱን ድንጋይ በድጅኖ ሲፈነቅሉ፣ ሴትዮዋ ለቅሶዋን አቋርጣ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ድንጋዩን!» ብላ ጮኸች። እስከ ዛሬ ከባሏ ይልቅ ለድንጋዩ አለቀሰች እየተባለች ትታማለች።

«አባትህን የቀበርን ጊዜ ነሐሴ ነበር። ሰዉ ካርቶን ላይ ቆሞ ነው ያለቀሰው» አለች እናቴ። «የእኔ እንደዚያ አይሆንም። አንተ ደግሞ በሳንቲም ስትከራከር የምትውል ሰው ነህ፤ ያን ዕለት ከእድሩ ጋር እንዳትጣላ ብዬ ነው።»

ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርቶ ስለ ልቧ የነገረኝን አልነገርኳትም ነበር። እሷ ግን ጭራሽ ግንበኛ አማክራበታለች። እኔም ዋጋውን ተከራከርኩ።

«ትርፍ ወጪ ነው፤ ቱቦውን አውጣው» አልኩት ግንበኛውን። ለእናቴም «የዛሬ ድንኳን በብረት እግር ነው የሚቆመው፤ ካስማ አያስፈልገውም» አልኳት።

«የእኛ እድር ድንኳን የድሮው ነው።»

«እድር ቀይሪያ!»

«ልሞት ስል?»

እስከዚያ ዕለት ቃሉን ስለ እሷ በቤታችን ጮክ ብሎ የተናገረው ሰው አልነበረም።

ግንበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ከድንጋዩም ልቀንስልህ፣ ከእጄም ልቀንስልህ። የቱቦውን ግን እናንተ ተስማሙ፤ እኔ በገዛሁበት ነው የማስገባው።» ከድንጋዩም ከእጁም እዚያው ቆሞ ቀነሰ። በዚያ ፍጥነት መቀነሱ መጀመሪያ ምን ያህል ቆልሎ እንደጠራ ነገረኝ። ጥርጣሬዬ ትክክል ነበር፤ ግን ምንም ደስታ አልሰጠኝም። ከዘረዘረው ሁሉ ያልተቆለለው የቱቦው ዋጋ ብቻ ነበር፤ እኔ ይውጣ ያልኩት እሱን ነው።

«ይግባ» አልኩ።

ንጣፉ ከዝናቡ በፊት አለቀ። ምንም አይወጣለትም። እናቴ ጠዋት ጠዋት በከዘራዋ እስከ ውጭው በር ትሄድና ትመለሳለች፤ ስታልፍ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በከዘራዋ ጫፍ ትነካካቸዋለች፤ ደጃፍ ላይ የተገኙ የጎረቤት ልጆችን ሰላም የምትል ነው የሚመስለው። እኔ ዞሬያቸው ነው የማልፈው። ሰኔ ላይ የከዘራዋ ጫፍ አንዱ ቱቦ ውስጥ ገባና ተንገዳገደች። በሩን ይዛ ተረፈች። «ክዳን ያስፈልገዋል» አለች።

ወደ አስፋልቱ ወርጄ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። የቱቦውን አፍ ስፋት በጣቶቼ አሳየሁት።

«ለምንድነው?» አለኝ ባለሱቁ።

«ለውሃ።»

«የውሃ ከሆነ የሚጠመዘዘውን፣ ባለ ክሩን ልስጥህ?»

«ክር የለውም። ዝም ብሎ የሚከደን ነው።»

«አሃ፣ ለጊዜው ነው እንግዲህ።»

«አዎ፣ ለጊዜው ነው» አልኩት። «ግን ቶሎ የማይነቀለውን ስጠኝ።»