ባቲማና የተመለሰው ክፍለ ሀገር

ጎረቤቴ ባቲማ ቀናተኛ ናት። ከኋላዋ እያማኋት አይደለም፤ ፊት ለፊት ብያታለሁ። እሷም፣ «አዎ ነኝ! አንቺም የሚያስቀና እህት ቢኖርሽ ትቀኚ ነበር» ብላኛለች። ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ሲሚንቶ ሳይሰስቱ አልቀሩም። ስልክ ስታወራ አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁን ወይ አይቼዋለሁ፣ ወይ በግድግዳው በኩል ሰምቼዋለሁ።

ከተማችን ሰመይ የክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ ባቲማ መጋረጃ ሰፊ ነበረች። ለክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤቶች ወፍራም ወይን ጠጅ መጋረጃ እየሰፋች ነው የኖረችው። አንድ ጸደይ ከላይ ተወሰነና ክፍለ ሀገራችን ፈረሰ፤ ከነወንዙ ከነሜዳው ለጎረቤቱ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ለኦስከመን ተሰጠን። መሥሪያ ቤቶቹ ወንበራቸውንም መጋረጃቸውንም በጭነት መኪና ጭነው ሄዱ። እኛ ያው ኢርቲሽ ወንዝ ዳር ቀረን፤ ለአንዲት ማኅተም ግማሽ ቀን በአውቶቡስ መንገላታት ሆነ ኑሯችን።

ሁላችንም ተናደናል። ባቲማ ግን እርር ድብን አለች፤ ታናሽ እህቷ ኩልፓሽ ያገባችው ኦስከመን ነዋ!

«ፀጉሯን እየጎነጎንኩ ያሳደግኳት ልጅ!» ትለኝ ነበር። «እሷ የዋና ከተማ ሰው፣ እኔ የወረዳ! ምን ሠርታ? ባል አግብታ እኮ ነው የሄደችው!»

«ታዲያ ኩልፓሽ ነች እንዴ ክፍለ ሀገሩን የወሰደችው?» አልኳት።

«ደስ ብሏታል። ድምፅዋን አውቀዋለሁ።»

አንዴ ለጡረታ ጉዳይ ኦስከመን ሄዳ ኩልፓሽ ዘንድ አድራ መጣች። ኩልፓሽ የፈረስ ሥጋ ቀቅላ፣ አዲስ አንሶላ አንጥፋ፣ እስከ አውቶቡሱ ሸኝታታለች። ባቲማ ስትመለስ ያወራችልኝ ግን ስለ መጋረጃዋ ብቻ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ አይታዋለች። «ገልብጠው ሰቅለውታል፣ ማርዢያ! ገልብጠው! እሷ ደግሞ በየቀኑ በሥሩ ታልፋለች፣ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ አላየችውም» አለችኝ። እንባዋ መጣ።

የቅናቱ ሥር ግን መጋረጃው አልነበረም። ባቲማ አንድ ልጅ ነው ያላት፤ ሳያት ይባላል። ሳያት ሲወለድ መካኗ ኩልፓሽ መጥታ፣ «እትዬ፣ ይህን ለእኔ ስጪኝ፤ አንቺ ሌላ ትወልጃለሽ» ብላ ለመነቻት። በእኛ ዘንድ ልጅ ላልወለደች እህት ልጅ መስጠት ያለ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ሰጥቷል። ባቲማ አልሰጠችም። ሌላም አልወለደች።

ሳያት አድጎ የመንገድ መሐንዲስ ልሁን አለ። የመንገድ ሥራው ሁሉ ዋናው ከተማ ነው፤ ዋናው ከተማ ደግሞ ኦስከመን ነው። በወጣትነቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ አክስቱ ሄደ፤ «ለአንድ ዓመት ነው እማዬ» ብሎ። ያ አንድ ዓመት አላልቅ አለ። የኩልፓሽ ባል ሞተ፣ ሳያት አብሯት ቀረ። ሚስት አገባ፣ ሚስቱንም እዚያው አስገባ። አንድ ቀን እናቱን በስልክ ሲያወራት «አፓ ታማብኝ ነበር» አለ። እናትን በምንጠራበት ስም አክስቱን ጠራት። ባቲማ ስልኩን ዘግታ መጣችና በሬ ላይ ቆማ፣ «እኔ የከለከልኳትን መንግሥት ሰጣት» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ኩልፓሽ የላከችው ማር ይመርራት ጀመር። የላከችው የሱፍ መሀረብ ያሳክካት ጀመር። እኔ ለብሼዋለሁ፤ ምንም አያሳክክም።

ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ አገሪቱ እንደገና ተሸነሸነች። ሦስት አዳዲስ ክፍለ ሀገሮች ተባለ፤ ሰመይም ዋና ከተማነቷን መልሳ አገኘች። ዜናው በቴሌቪዥን ሲነገር ባቲማ ግድግዳውን በጡጫ ትደበድበው ጀመር። ወዲያው ደግሞ ስልክ አነሳች።

«ኩልፓሽ! ሰማሽ? እንግዲህ ወረዳነቱን ቅመሺው!»

የኩልፓሽን መልስ ያወቅኩት ከባቲማ ጩኸት ነው። ኦስከመንም ለቀረው ግማሽ ዋና ከተማ ሆኖ ይቀጥላል፣ ብላታለች።

«ግማሽ! ራስሽ አልሽው! የግማሽ ሀገር እመቤት!» አለችና ዘጋችው። ወደ እኔ መጥታ ግን ስለ ከተማው አንዲት ቃል አልተናገረችም። «አሁን መንገድ ሠሪ እዚህም ይፈለጋል። ልጄ ይመጣል» አለች።

ትንሿን ክፍል ቀለም አስቀባች። አዲስ መጋረጃ ሰፋች፤ ያ ሁሉ ዓመት ያልነካችውን የስፌት መኪና አቧራውን ጠርጋ። ለልጅ ልጇ አልጋ ገዛች። እውነትም ሳያት በአዲሱ ክፍለ ሀገር ሥራ አገኘ፤ መኸር ሲገባ መጣ። ሚስቱን ኩራላይን፣ መዳህ የጀመረ ወንድ ልጁን፣ አክስቱንም ይዞ መጣ። ማረፊያውም ከድልድዩ ማዶ፣ ሰፋ ያለ ቤት ሆነ።

«አፓን ብቻዋን ጥያት አልመጣም፣ እማዬ። ላንቺ ደግሞ አራት ሰው ይጠብቅሻል» አላት።

ባቲማ ለሳምንት ያህል ምግብ አልበላላት አለ። ለቤት ምርቃቱ ሲጠሯት ግን ተነሳች፤ የብር ጉትቻዋን አደረገች። እኔንም ነይ አለችኝ።

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ምስክር ሁኚኝ። ዛሬ የት እንደሚያስቀምጡኝ፣ የት እንደሚያስቀምጧት እናያለን። በገዛ ከተማዬ ከእኔ በላይ ከተቀመጠች፣ ቀጥ ብዬ እወጣለሁ።»

አልወጣችም። ሳያት ክንዷን ይዞ ከበሩ ርቆ ወዳለው፣ ወደ ክብሩ ስፍራ ወሰዳት፤ ትራስ ከጀርባዋ ደገፈላት። ሥጋው ሲመጣ የዳሌውን አጥንት፣ ለትልቅ ሰው የሚሰጠውን፣ በእጁ አንስቶ ፊቷ አኖረው። ኩልፓሽ ከታች፣ ወጥ ቤቱ በር ሥር፣ የሻይ ማፍያው ሳሞቫር አጠገብ ተቀምጣለች፤ የደረሳትም የአንገት ሥጋ ነው።

ባቲማ በክርኗ ጎሸመችኝ። «አየሽ? በር ሥር!» አለች በሹክሹክታ። በዚያች ቅጽበት ከዋና ከተማም በላይ ሆና ነበር። ደስ አለኝ፤ ለዕድሜ ልክ ቅናት የሚሆን ካሳ ይኸው ተገኘ ብዬ።

ከዚያ ሻይ መጣ። የምትቀዳው ኩልፓሽ ነበረች። ኩራላይ «አፓ፣ ጨዉን ደግሞ የት ደበቅሽብን?» ብላ ቀለደችባትና ሳቁ፤ ጨው የት እንዳለ የምታውቀው ኩልፓሽ ናት። ሕፃኑ ባቲማ ዘርግታ የጠበቀችውን እጅ አልፎ፣ በምንጣፉ ላይ እየዳኸ ሄዶ ኩልፓሽ ጉልበት ላይ ወጣ። ኩልፓሽ ለሳያት ምን ያህል ወተት ልጨምር ብላ አልጠየቀችም። ስኒውን ግጥም አድርጋ ሞላችለት፤ የቤት ሰው ነውና። ለእኔና ለባቲማ ግን ከግማሽ በታች ቀዳችልን። ለእንግዳ የሚቀዳው እንዲያ ነው፤ ደጋግሞ እየቀዱ ማክበር ስላለ። እንግዳ ፊት ሙሉ ስኒ ማኖር ጠጥተህ ሂድ እንደማለት ነው።

ባቲማ ስኒዋን አየች። የልጇን አየች። የኩልፓሽን ስፍራ፣ ያን በር ሥር ያለውን፣ አየች። ፊቷ ሲለዋወጥ አጠገቧ ሆኜ አየሁ። ትራሱን ገፍታ ልትነሳ ሆነ።

«የት ነው እማዬ?» አለ ሳያት።

«ሻዩን እኔ ልቅዳ። እሷ ደክሟታል።»

«ኧረ ተቀመጪ! እንግዳ ሆነሽ!» ብሎ ትከሻዋን ይዞ በፍቅር መልሶ አስቀመጣት። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ማክበሩ ነው።

ባቲማ ሻይዋን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችና ስኒዋን ወደ ታች፣ ወደ እህቷ ሰደደች። «ሙይልኝ» አለች።

«እሺ እትዬ።»

«ግጥም አድርገሽ ሙይልኝ ነው የምልሽ። እስከ አፉ።»

ኩልፓሽ እጇ ሳሞቫሩ ላይ እንዳለ ደነገጠች። «ውይ እትዬ፣ ምን በደልኩሽ? አንቺንማ እንደዚያ አላደርግሽም!»

«ኩልፓሽ፣ ሙይልኝ።»

ሳያት ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ኩራላይም ሳቀች። ኩልፓሽ ግን ታላቅ እህቷን ከልጅነቷ ጀምሮ ታከብራለች። ወተቱን ጠብ አደረገች፣ ስኒውን አጋደለች፣ ከግማሽ በታች ቀድታ በሁለት እጇ ላከችላት።