የፉሚኤ እንጉርጉሮ

በጃፓን፣ በሞሪዮካ ከተማ በሚገኘው የቶኪዞ ቡና ቤት ውስጥ ወሬ ክልክል ነው፤ ሰው የሚመጣው ሸክላ ለመስማት ነው። ቶኪዞ ሸክላ ያጫውታል፣ ሚስቱ ፉሚኤ ቡና ታፈላለች፣ ስኒ ታጥባለች። እንዲህ ሲሉ አረጁ።

ድሮ በአንድ ስኒ ቡና ከሰዓቱን ሁሉ ጥግ ይዞ የሚውል ሴኖ የሚባል ከሲታ ደንበኛ ነበራቸው። ዘንድሮ ልብ ወለድ ጻፈና አገሩን አነጋገረ። በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት የቡና ቤት ሴት ስለ መጨረሻዋ ጀልባ የተዘፈነውን የድሮ ዘፈን ታንጎራጉራለች፤ መሃል ላይ ስትደርስ ግን ሁልጊዜ ቆርጣ ዝም ትላለች።

"ጋሼ፣ የመጽሐፉን ዘፈን ይጋብዙን" ይላሉ ወጣቶቹ።

"ተቧጭሯል" ይላል ቶኪዞ። ሸክላው ግን እንደ አዲስ ነበር።

ቅናት አንጀቱን በላው፤ በዚህ ቡና ቤት ከፉሚኤ ሌላ ሴት የለችም። ይህን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ ፉሚኤ ስታንጎራጉር ሰምቷት አያውቅም። ታዲያ ለዚያ ከሲታ መቼ ዘፈነችለት? የት? ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ ልትገዛ ወጥታ ትንሽ ከቆየች ልቡ አብሯት ይወጣል።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ ደንበኛ ጭር ባለበት፣ መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ ወረወረው።

"ይቺ ሴት አንቺ ነሽ?"

ፉሚኤ እጇን በሽርጧ አበሰች። "እኔ ነኛ! አንገቴን ብቻ አስረዝሞልኛል።"

"የት ነው የዘፈንሽለት?"

"ምን ዘፈንኩለት፣ አንተ ሰውዬ! እዚሁ ስኒ ሳጥብ ነዋ። የሱ ወንበር ከማጠቢያው ጀርባ አልነበር?"

"እኔስ የት ነበርኩ?"

"አንተማ እዚያ፣ ጆሮህን ለሸክላህ ሰጥተህ። ሸክላ ስትቀይር ቤቱ ጸጥ ስለሚል እንዳትቆጣኝ ዝም እላለሁ። እሱ ደግሞ ውሽማዋ ትዝ ብሏት ነው ብሎ ጻፈው!" ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ቶኪዞ አልሳቀም። ሄዶ መርፌውን ከሚዞረው ሸክላ ላይ አነሳና በሴኖ ወንበር ተቀመጠ። "እስኪ እጠቢ" አላት።

ውሃው ወረደ፣ ስኒ ተንኳኳ። ሌላ ድምፅ የለም።

"እንዲህ አፍጥጠህብኝ አይሆንልኝም" አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው።

ተነስቶ ሸክላውን መልሶ አስጀመረና እወንበሩ ላይ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ትከሻዋ ቀስ እያለ ሲወዛወዝ አየ። ጆሮውን አቀና። የሚሰማው ግን መለከቱ፣ ከበሮው፣ ሠላሳ ዓመት ያዳመጠው ሁሉ ነው። የሷን ዜማ ከመሃል መለየት አቃተው።

ሴኖ ከዚህችው ወንበር ሰምቷል።