ዘበኛው የሌለበት ሁለተኛው ክፍል

እኔ ጽሑፍ የምችል ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ዛሬም ቢሆን «ሐ» እና «ሀ» ይምታቱብኛል። ነገር ግን በአንድ የቀልድ ፊልም ምክንያት በሽምግልና ዕድሜዬ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ወሬው ከጋይንት አልፎ ስማዳ ደርሷል ይሉኛል፤ እየዞረ ተጣሞ ከሚቀር እኔው ልጻፈው ብዬ ነው። ደክሞኛል፤ ብዙ አላስረዝምም።

ነገሩ ከባልንጀራዬ ጋር ነው። እኩያዬ ነው፤ ማሳችን ይዋሰናል፤ ማኅበራችንም አንድ ነው። በየወሩ በመድኃኔ ዓለም ቀን ካንዱ ቤት ተሰብስበን ጽዋ እንጠጣለን። ባለተራው ደግሶ ያበላና ሲያበቃ ጽዋውን ለሚቀጥለው ባለተራ በእጁ ያስረክባል። የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ ጽዋውን መቀባበል አይችሉም፤ ደንቡ ይኸው ነው፤ አባቶቻችንም የኖሩት በዚሁ ነው።

ባልንጀራዬ አርብ ገበያ ከተማ የአንድ እህል መጋዘን ዘበኛ ነበር። ማሳውን ለልጁ ሰጥቶ ስንት ክረምት እዚያ በር ላይ እንደተቀመጠ እኔም አላውቀው። ያመጣ የወሰደውን ሁሉ በአረማመዱ ይለየዋል። «ያ ሰውየ ጆንያ ሲሸከም ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ዛሬ ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ የራሱ ጆንያ አይደለም» ብሎ ሌባ የያዘ ሰው ነው።

የፊልሙን የመጀመሪያ ክፍል ያየነው እሱ ገና በሥራው ሳለ፣ በገበያ ቀን ነው። እኔ ገብስ ሸጬ፣ እሱ ሌላ ዘበኛ በቦታው አቁሞ፣ ከአንድ ቪዲዮ ቤት ገባን። የሰላይ ፊልም ነው። ሰላይ ሲባል ግን የሚያስፈራ እንዳይመስላችሁ፤ ጅል ነው። ሊሰልለው የሄደውን ሰው ራሱን መንገድ ይጠይቀዋል። ፈንጂውን ከስንቁ ጋር ያቀያይረዋል። የፈረንጅ ነው፤ አንድ ሰው ድምፁን እየቀያየረ በአማርኛ ይተርከዋል።

በሰላዮቹ መሥሪያ ቤት በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አለ። ሰላዩ አንድ ቀን ጢም ለጥፎ፣ አንድ ቀን የሴት ቀሚስ ለብሶ፣ አንድ ቀን የመነኩሴ ቆብ ደፍቶ ይመጣል። አለቆቹ አይለዩትም፤ ሚስቱ እንኳ አትለየውም። ዘበኛው ግን ከወንበሩ ሳይነሣ «እንደምን አደሩ ጌታዬ» ይልና በሩን ይከፍትለታል። ሰላዩ ይናደዳል፤ ሌላ ልብስ ቀይሮ ይመለሳል። «እንደምን አደሩ ጌታዬ።» ባልንጀራዬ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። እኔም ከልቅሶ በቀር ዕንባ ወጥቶኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ወጣኝ።

ከዚያ ወዲያ ለገበያ በወረድሁ ቁጥር ጋቢየን እስከ ዓይኔ ተሸፋፍኜ በመጋዘኑ በር አልፋለሁ። ያላወቀኝ መስሎ ትንሽ ያሳልፈኝና ከኋላዬ «እንደምን አደሩ ጌታዬ!» ይለኛል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ተጫወትን።

ዓምና መጋዘኑ አዲስ የብረት በርና ካሜራ አስገባ። ባልንጀራዬን በአንድ ቀን «አባታችን፣ እንግዲህ ይረፉ» አሉት። ካፖርቱን አስረከበና ወደ ቤቱ መጣ። ከመጣም ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። በደጁ ተቀምጦ መንገድ ያያል። ማኅበር ላይ ጥግ ይይዛል። ጨዋታ ሲመጣ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

ዘንድሮ ሁለተኛው ክፍል መጣ ተባለ። እሱን ለማስወጣት ብዬ ሄጄ ጎተጎትሁት።

«ዘበኛው ይመጣል» አልሁት። «እንደምን አደሩ ጌታዬ ይላል።»

«እስቲ እንየው» አለኝ። ሳይወድ መጣ።

ቪዲዮ ቤቱ ሞልቷል። ሰላዩ መጣ፣ መኪና ነዳ፣ ግንብ ሰበረ። እኔ የምጠብቀው ዘበኛውን ነው። በሩ ታየ፤ ወንበሩ የለም። በዘበኛው ቦታ የመስተዋት በር ተክለዋል፤ የሰው ዓይን አይቶ የሚከፈት ነው ይላል ተራኪው። ሽማግሌውን የት እንዳደረሱት አንዲት ቃል የለም። ሞተ እንኳ አላሉም! ደሜ ፈላ። ከዚያ በኋላ አንገቴን ደፍቼ ዱላዬን እያየሁ ቆየሁ እንጂ ፊልሙን አየሁ አልልም። አጠገቤ ግን ባልንጀራዬ ይስቃል። እንደ ድሮው ጉልበቱን እየመታ ይስቃል። ይህ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ።

ስንወጣ ሰው ሁሉ ደጅ ቆሞ ይከራከራል።

«ሁለተኛው ይበልጣል» አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር። «አክሽን አለው። መኪናዋ ከድልድይ ወድቃ ስትዋኝ አላያችሁም?»

«መኪና ሲዋኝ ምን ያስቃል?» አለ አንድ መምህር። «የፊተኛው ታሪክ ነበረው። የአሁኑ ጩኸት ነው።»

«መምህር፣ እርስዎ ደግሞ ፈተና ሊያወጡ ነው እንዴ የገቡት?»

ሰው ሳቀ። እኔ መሐል ገባሁ።

«ዘበኛውን የት አደረሱት?» አልሁ።

«የቱን ዘበኛ አባባ?»

«የቱን ዘበኛ ትላለህ? በር የሚከፍተውን ነዋ!»

«ጡረታ ወጥቶ ይሆናላ» አለ ሹፌሩ። «እሱ ከሌለ ፊልም የለም ሊሉ ነው?»

«የለም!» አልሁ። «የማይረባ ፊልም ነው። ሽማግሌ ጥለው ብረት የተከሉ ሰዎች የሠሩት ነው።»

ባልንጀራዬ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ነበር፤ ሳቁ ገና አልለቀቀውም። «ተወው እባክህ» አለኝ። «እኔስ ከፊተኛው ይልቅ ይኸኛው ደስ አለኝ። አንተ ሰው፣ ያን በር…»

አላስጨረስሁትም። እኔ ለእሱ ብዬ ስናደድ እሱ ሲስቅ አየሁና አፌ አመለጠኝ።

«አንተንስ በካሜራ ለውጠው አልጣሉህም? የራስህን መባረር በፊልም እያየህ ትገለፍጣለህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ!»

ሹፌሩም መምህሩም ዞረው ባልንጀራዬን አዩት። ከተማው ሁሉ ሥራውን በፈቃዱ እንደተወ ነበር የሚያውቀው፤ እሱ ለሰው እንደዚያ ነበር የነገረ። እኔ ብቻ ነበርሁ እውነቱን የማውቅ። ባልንጀራዬ ጋቢውን አስተካከለ፣ ዱላውን አነሣ፣ መንገዱን ጀመረ። አብረን ሦስት ሰዓት የምንሄደውን መንገድ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ሄድነው። አንድም ጊዜ አልዞረም።

እልኸኛ ነኝ፤ አልክድም። ሳምንት ሁለት ሳምንት «እውነት ነው የተናገርሁት» እያልሁ ተቀመጥሁ። ሚስቴ «እውነት ከሆነ ለምን እንቅልፍ አጣህ?» ትለኛለች።

የማኅበሩ ቀን ቀረበ። የዚያ ወር ባለተራ እሱ ነው፤ ጽዋውን ከእጁ የምቀበለው ደግሞ እኔ። የማኅበሩን አለቃ ሙሴ እንለዋለን፤ ሙሴው ቤቴ መጣ።

«አልሰጠውም ብሏል» አለኝ። «ካልታረቃችሁ ጽዋው አንተን አልፎ ይሄዳል። እሱም ማኅበሩን እተዋለሁ እያለ ነው። የሰው ፊት ማየት አልሻም አለ። ለመሆኑ በምን ተጣላችሁ? በድንበር ነው?»

«በፊልም ነው።»

«በምን?»

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድን። ድጓ ቤተ ልሔም ገብተው የተማሩ፣ አነጋገራቸው የረጋ ሰው ናቸው። ነገሩን ከሥሩ ተናገር አሉኝ። ሰላዩን ተናገርሁ፤ ጢሙን፣ ቀሚሱን፣ የመነኩሴውን ቆብ ተናገርሁ። አባ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሙሴው ወደ ግድግዳው ዞሯል።

«ከዚያስ?» አሉ አባ። «በአራተኛውስ ምን ለብሶ መጣ?»

ከዚያ በባልንጀራዬ ላይ የተናገርሁትን ስነግራቸው ሳቁ ቀረ። መስቀላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ሰው የሸፈነውን ገላ በገበያ ገለጥህ» አሉኝ። «ፊልሙን ተወው። ድንጋይ ተሸክመህ በሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቀዋለህ።»

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርሁ። «ከእኔ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ስትኖር ጠጠር እንኳ አላነሣህልኝ» አለችኝ። ድንጋዩን ግን የመረጠችልኝ እሷ ናት። ትንሹን ሳነሣ «ያ አይበቃም» ብላ ከለከለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ቆሞ፣ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ሄድሁ። የሰው እግር ብቻ ነው የሚታየኝ። የእሱን ጫማ አውቀዋለሁ፤ እዚያ ስደርስ ቆምሁ። ወገቤ ይነድዳል።

«በአፌ በድዬሃለሁ» አልሁ። «ለአንተ የቆምሁ መስሎኝ ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር በለኝ።»

የምሬን ነው፤ ያን ጊዜ እንቢ ቢለኝ ጽዋው አልነበረም የሚቆጨኝ። ዱላውን መሬቱ ላይ ሲያሽከረክረው አያለሁ። ይኸን ያህል ዓመት አብረን አርሰን፣ አብረን ሬሳ ተሸክመን፣ በአንድ ቃሌ ሊያልቅ ነው አልሁ በልቤ።

«አውርድልኝ» አለ ለሙሴው። «ይህ ሰውየ ወገቡ ሳይቆረጥ አውርድለት። ይቅር ለእግዚአብሔር ብየዋለሁ።»

ድንጋዩ ወረደ። ቀና ማለት አቅቶኝ ግንቡን ተደግፌ ተቀመጥሁ። እሱም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰው ሲበተንልን ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«አንተ ግን ፊልሙን አየኸው?»

«አየሁት።»

«በሩን አየኸው?»

«ዘበኛው እንደሌለ አይቼ አቀረቀርሁ።»

«እኮ!» አለ። «እኔ የሳቅሁት በበሩ ነው። ሰላዩ ጢም ለጥፎ ሲመጣ በሩ አንገቱን ይዞ አስቀረው። ቀሚስ ለብሶ ሲመጣ ቀሚሱን ነጥቆ አስቀረበት። በመጨረሻ በገዛ ፊቱ ሲመጣ አላውቅህም አለው! ጠላትየው ሲመጣ ግን ወለል ብሎ ተከፈተለት። አለቆቹ ሁሉ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ምን አሉ መሰለህ? ያ ሽማግሌ ዘበኛ በኖረ አሉ።»

«እንደዚያ አሉ?»

«አሉ እንጂ! ሥራ ከለቀቅሁ ወዲህ ያን ቀን ነው ልቤ የቀለለኝ። ልነግርህ ስል አንተ ጮኽህብኝ።»

ተናድጄ ስለነበር አልሰማሁም ማለት ምን ይረባል? ሽማግሌው ተረሳ ብዬ ስቆጣ፣ የተረሳው የሚነሣበትን ቦታ ሳላየው አለፈኝ። ያየው እሱ ነው።

«የመጋዘኑም ካሜራ» አለኝ፣ «መብራት ሲጠፋ ያንቀላፋል አሉ።»

በማኅበሩ ቀን ጽዋውን ከእጁ ተቀበልሁ። በሚቀጥለው ወር ተራው የእኔ ነበር። ጠዋቱ ውርጭ ነው፤ ማኅበርተኛው አንድ በአንድ ይመጣል። እኔ ማጅራቴ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደተያዘ ስለነበር ደጅ ላይ በርጩማ አድርጌ ተቀምጫለሁ። አንድ ሰውየ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተሸፋፍኖ፣ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ፣ በግራ እግሩ እያነከሰ መጣ። ባልንጀራዬ አያነክስም። ያላወቅሁት መስዬ ትንሽ አሳለፍሁት።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ» አልሁት፤ ከተቀመጥሁበት ሳልነሣ።

ቆመ። ጋቢው ውስጥ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

«ሁለተኛው ይሻላል» አለኝ ሳይዞር።

«የፊተኛው ነው የሚሻል» አልሁት። «ግባ፣ ብርድ ነው።»