ያልሞቀው ማጠቢያ

ቤተ ሙከራው ውስጥ «እትዬ ጓንት» ይሏታል። ሻይ ስትጠጣ እንኳ ጓንቷን አታወልቅም እያሉ ይስቁባታል። ውሸት ነው፤ ግን አስተባብላ አታውቅም።

ሥራዋ የሚከፋፈሉ ሴሎችን ማስቆምና መልሶ መልቀቅ ነው። ክሮሞዞምን ምን እንደሚያንቀሳቅሰው የሚታወቀው እያስቆሙ ነው። ጥቂት መድኃኒት ሴሎቹ ያሉበት ሳህን ውስጥ ሲገባ፣ የሴሉን ሁለት ዋልታዎች ገፍቶ የሚያራርቀው ፕሮቲን ሥራ ያቆማል። ክሮሞዞሞቹ መሐል ላይ መሰለፍ ሲገባቸው ክብ ሠርተው ይቀራሉ። መድኃኒቱ ለብ ባለ ፈሳሽ ሲታጠብ ይሰለፋሉ፤ ከዚያ ለሁለት ተከፍለው ወደ ዳርና ዳር ይሄዳሉ። እሷ ማይክሮስኮፑ ሥር ይህን ትቀርጻለች። ቀረጻ ከተጀመረ ከወንበሯ አትነሳም፤ ስልክም አታነሳም።

ያን ቀን ጠዋት ማጠቢያውን ፈሳሽ ልታዘጋጅ ስትል ታላቅ ወንድሟ ደወለ።

«አባባን ዛሬ ከሆስፒታል ሊያስወጡት ነው። እኔ ጋ ደረጃ አለ፤ አይችለውም። አንቺ ጋ ምድር ላይ ነው። ትወስጂዋለሽ ወይስ አረጋውያን ማቆያ ላስገባው? እስከ ምሳ ሰዓት ቁርጡን ንገሪኝ።»

«ሥራ ላይ ነኝ» አለች።

«እማዬ ከሞተች ጀምሮ ሥራ ላይ ነሽ።»

ስልኩን ዘጋችው። አልተናደደችም፤ አላዘነችም። የማጠቢያውን ጠርሙስ አንስታ ሴሎቹን አጠበች፤ ቀረጻውን አስጀመረች። እስከ ምሳ ሰዓት መደበቂያ አገኘች።

አብሯት የሚሠራው ተማሪ ትንሽ ቆይቶ መጣና በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ አየ።

«እትዬ፣ እነዚህ አድማ መቱ እንዴ?»

ክሮሞዞሞቹ አልተሰለፉም። የሚጎትቷቸው ክሮች ፈርሰዋል። ጠርሙሱን ዳሰሰችው። ከማቀዝቀዣ አውጥታ ሳታሞቀው ነው ያፈሰሰችው። ብርድ ክሮቹን እንደሚያፈርስ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የምትናገረው እሷ ራሷ ናት።

«ያጋጥማል እትዬ። ነገ እንደግመዋለን።»

«እሺ።»

ቀረጻውን አቋርጣ ሳህኑን ጣለችው። ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛው ላይ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። ስልኩ ሲጮኽ አነሳችው።

«እህሳ፣ ምን ወሰንሽ?»

«አምጣው።»

«ሥራሽስ?»

«ተበላሸ።»

 ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከአሁኑ ልንገርሽ፣ በእማዬ ስም ነው የሚጠራሽ። እኔን ዶክተር ይለኛል። ባልማር እንኳ እሱ አስመረቀኝ።»

«አቤት እለዋለሁ» አለች። «ስትደርሱ ደውልልኝ።»