ውሃው ደህና?

ባለፈው እሑድ የልጄ ልጅ ሲፈን ሳሎን ምንጣፍ ላይ በሆዷ ተኝታ የካርቱን ፊልም ታያለች፤ እኔ ማዕድ ቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ። ድንገት የማውቀው ድምፅ ጆሮዬ ገባ። ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ የልጃገረድ ድምፅ፣ "ውሃው አልቋል" ይላል። ቢላዋዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ድምፁ የራሴ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የነበረኝ ድምፅ። ማን ኢንተርኔት ላይ እንደጫነው እግዜር ይወቀው። "እማማ፣ ወፏ ለምን ታለቅሳለች?" አለችኝ ሲፈን። የኔም ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር፤ ደግነቱ ሽንኩርት ይዣለሁ።

ያኔ አዳማን ናዝሬት እያልን ነበር የምንጠራት። ከገበያው ጀርባ ተስፋዬ የሚባል ወጣት አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የውጭ ፊልሞችን ወደ አማርኛ ይመልስ ነበር። የጋሪ ፈረስ ኮቴ እንዳይገባ ብሎ ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኖታል። ኮቴው እንደ ልቡ ይገባል፤ መውጫ ያጣው ሙቀቱ ነው። ድምፄን ትምህርት ቤት ግጥም ሳነብ ሰምቶ ወደደውና የአንዲት ትንሽ ፍላሚንጎ ድርሻ ሰጠኝ። ፊልሙ ሐይቃቸው በቧንቧ እየተሳበ ስለሚደርቅባቸው እንስሳት ነው። የኔዋ ወፍ ውሃውን እንድታይ ትላካለች። ስትመለስ የወፎቹ ሽማግሌ "ውሃው እንዴት ነው?" ይላታል፤ እሷም "ውሃው አልቋል" ትላለች። በመጨረሻ ግን ሰዎቹ ይጸጸታሉ፣ ቧንቧው ይዘጋል፣ ሐይቁ ይመለሳል። የልጆች ፊልም አይደል።

አባቴ ቡልቡላ አጠገብ፣ አቢጃታ ሐይቅ ላይ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ጀልባ ሲገፋ ወድቆ ዳሌው ተሰበረና ለሕክምና ናዝሬት መጣን። እናቴ ገበያ ቲማቲም መቸርቸር ጀመረች፤ "እግሩ እስኪጠና" ተብሎ የተጀመረው ኑሮም ዓመታት ፈጀ። አባቴ አንድ ቀን እንኳ የናዝሬት ሰው ነኝ ብሎ አያውቅም። ምርኩዙን ይዞ በራችን ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ይቀመጥና ወደ ውሃው ስለሚመለስበት ቀን ያወራል። ከቡልቡላ ሰው ሲመጣ ሰላምታው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ነምኒ ነጋ? ሎን ነጋ? ቢሻን ነጋ?" ሰዉ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ውሃው ደህና ማለቱ ነው። ውሃውን የጨመረው ራሱ ነው፤ ሌላው ሰው ከብቱ ላይ ያቆማል። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ነጋ፣ ገለታ ዋቃ!" ደህና፣ ፈጣሪ ይመስገን። አብሮት ያስግር የነበረው ገመቹ እንኳ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ይላል።

አንድ የመስከረም ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ግቢያችን ውስጥ እርጥብ አፈር ሲሸት፣ አባቴ ፊት ድርሻዬን እለማመድ ነበር። ሽማግሌውንም ወፏንም ሆኜ "ውሃው እንዴት ነው?" "ውሃው አልቋል!" እላለሁ። አባቴ ሳቀ።

"ይቺን ወፍ ማነው ያሳደጋት?"

"ምን አደረገች?"

"ሽማግሌ ሲጠይቅ እንዲህ ይመለሳል? መጀመሪያ ደህና ነው ይባላል። ሰውየው ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ክፉ ወሬ ካለ ከዚያ በኋላ ቀስ ብለሽ ትነግሪዋለሽ። ደህና ማለት እኮ ወሬ አይደለም፣ ሰላምታ ነው።"

"ተስፋዬ የወፏ አፍ የሚከፈተው ለሁለት ቃል ብቻ ነው ብሏል" አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣

"ሎሚ፣ ገመቹ ለፋሲካ የመጣ ጊዜ፣ ደህና ካለኝ በኋላ ምን አለ?" አለኝ።

"ምሳ በልቶ ሄደ።"

"ከዚያ በፊት የመጡትስ? ከደህና በኋላ ምን አሉኝ?"

እናቴ ቲማቲም የምትለይበትን ሰፌድ አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች። አባቴ ገብታ እስክትጠፋ ድረስ በዓይኑ ተከተላት። ለካ ገመቹ በወጣ ቁጥር የውጭ በር ላይ ቆሞ ለእሷ ይነግራት ኖሯል። "ነገ ውሰጂኝ" አለኝ አባቴ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ሄድን። ሞጆን አልፈን መቂ ስንደርስ የሽንኩርት ጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሯል፣ የውሃ ቧንቧ የተዘረጋበት ማሳ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ዝዋይ ላይ፣ የዛሬዋ ባቱ ማለቴ ነው፣ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ አዘዝኩለት። ድሮ አጥንቱን ሳይቀር ይለቅመው የነበረ ሰው ጫፉን ቆርሶ ተወው። በመስኮቱ እያየ "ክረምቱ ጥሩ ዘንቧል" ይለኛል፣ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ይደግመዋል። እኔም አዎ እላለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ምንኛ እንደ ጸለይኩ!

እናቴ በማለዳው መኪና ሾፌር ልካበት ኖሮ ገመቹ ቡልቡላ አስፋልቱ ዳር ጠበቀን። ተቃቀፉ። አባቴ "ነምኒ ነጋ?" አለ። "ነጋ" አለ ገመቹ። "ሎን ነጋ?" "ነጋ።" ገመቹ ሦስተኛውን ጠበቀ። አባቴ ግን ሳይጠይቅ ገመቹ ይዞት የመጣው ጋሪ ላይ ወጣ።

የቀድሞው ዳርቻ ስንደርስ ጀልባችን ግራሩ ሥር ተደፍታለች፤ ጣውላዋ ተሰነጣጥቆ ፍየሎች ጥላዋ ሥር ተኝተዋል። ከፊታችን ያለው ነጭ አፈር ነው፣ ነፋስ ሲያነሳው ከንፈር ላይ ጨው ጨው የሚል። ውሃው ከሩቅ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። አባቴ ማንንም ሳይጠብቅ በምርኩዙ እየተደገፈ ወደዚያ ሄደ። ተከተልኩት። መሃል ሜዳ ላይ ቆመና ምርኩዙን ከራሱ በላይ ቀጥ አድርጎ አነሳው።

"እዚህ ጋ ውሃው ከዚህ በላይ ነበር" አለኝ። "ስዋኝ መሬቱን ረግጬው አላውቅም።"

ከዚያ ያነሳውን ክንዱን ማውረድ እንኳ አልቻለም፣ እኔ ነኝ ይዤ ያወረድኩለት። ገመቹ ከኋላችን ቆሞ አባቴን "በዳሳ፣ ስትቀመጥ ልነግርህ ነበር፤ ወሬው ከአፌ አልወጣ አለኝ" ይለዋል። አባቴ አልተቆጣውም። ቢቆጣው ኖሮ ለሁላችንም ይቀለን ነበር።

ከተመለስን በኋላ ተስፋዬ ጋ ገብቼ "ውሃው አልቋል" ስል ድምፄ ተሰበረ። "እንዲህ ነው እንጂ!" ብሎ በደስታ ጮኸ፤ እንደገና አላስቀዳኝም። ለገና አዳራሽ ተከራይቶ ፊልሙን አሳየ። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከልጆቹ ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወፏ ስታለቅስ ምርኩዙን ፈልጎ ተነሳና "ሎሚ፣ ቤት እንግባ" አለኝ። እዚያ ግቢ ውስጥ ከዚያ ወዲያ ስለ መመለስ አንድም ቃል ሲወጣው አልሰማንም። በሚቀጥለው ክረምት ሞተ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። እኔም ልቡ ነው እላለሁ። ናዝሬት ቀበርነው፤ ሌላ የምንወስደው ቦታ አልነበረንም።

"እማማ ቶሎ ነይ፣ ሊያልቅ ነው!" እያለች ሲፈን ትጣራለች። እጄን እየጠረግሁ በሩ ላይ ቆምኩና ድሮ ከአባቴ ጋር ያየሁት ፊልም መሆኑን ነገርኳት።

"ያንቺ አባባ ይሄን ፊልም ይወደው ነበር?"

"መጨረሻውን አላየውም።"

"ውይ! የሚያምረው እኮ መጨረሻው ነው!"

እንደሚያምር አላጣሁትም። "ውሃው መጣ!" እያለች የምትጮኸው ወፍ እኔው ነኝ፤ ተስፋዬ እስኪበቃው ድረስ አስጩኾኛል። ሲፈን ማጨብጨብ ስትጀምር ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። እኔም እስከ ዛሬ መጨረሻውን ተቀምጬ አይቼው አላውቅም።