የጉንፋን ክኒን ውጬ «ዕፅ ተጠቃሚ» ተባልኩ

«እህቴ፣ ሽንትሽ ውስጥ አነቃቂ ዕፅ ተገኝቷል።» የክሊኒኩ ባለሙያ ዛሬ ጠዋት እንዲህ ያለኝ ሰው በሞላበት ክፍል ነው።

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም እነግዳለሁ። ለአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ምግብ ቤት በራሴ መኪና ቅመም ላቀርብ ተስማምቻለሁ፤ መኪና እየነዳ ግቢው የሚገባ ሁሉ ግን አስቀድሞ የሽንት ምርመራ ማለፍ አለበት።

ተራ የሚጠብቅ አንድ የሚያውቀኝ ሾፌር «አቦ ዘሃራ፣ ብቻሽን ነው እንዴ የምትቅሚው?» ብሎ ቤቱን አሳቀው።

ጫት አልቅምም። ድሬ ላይ ይህን የሚያምን ሰው ማግኘት ግን ከምርመራው ይከብዳል።

ሰሞኑን ጉንፋን ይዞኝ የአፍንጫ መክፈቻ ክኒን እየዋጥኩ ነው። ማሸጊያውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ዕፁ ይኸውልህ። እንኳን ሊያነቃቃኝ አፍንጫዬንም አልከፈተልኝ!»

አነበበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይኼ እንኳ ፈጣኑን ምርመራ ሊያሳስተው ይችላል።»

«ታዲያ ሳትጠይቀኝ ለምን ፈረድክ?»

«ለጊዜው ውጤቱን ተቀብያለሁ ብለሽ ፈርሚ፤ ከወር በኋላ ተመልሰሽ ትመረመሪያለሽ።»

አልፈረምኩም። ያው ሽንት ዕፅን ከመድኃኒት ለይቶ ወደሚመረምር ትልቅ ላቦራቶሪ ይላክ፣ ማረጋገጫው እስኪመጣም ስሜ አጠገብ «ተጠቃሚ» የሚል ቃል አይጻፍ ብዬ ከወንበሩ አልነሳ አልኩ። በመጨረሻ ናሙናውን አሽጎ፣ የክኒኑን ስም ጽፎበት ላከው።

ፋብሪካው መጠበቅ ካቃተው ሌላ ነጋዴ ይፈልግ። እኔ ያልወሰድኩትን ወስጃለሁ ብዬ አልፈርምም።

እናንተስ በጉንፋን ክኒን የተጠረጠራችሁ አላችሁ? ምን መለሳችሁ? ሰሚስ አገኛችሁ?